መኪናህ ውስጥ ማን ይዘፍናል?

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ የሐበሻ መኪና ውስጥ ስገባ አንድ ልማድ አለኝ። ባለቤቱ ከአገር የወጣበትን ዓመት እገምታለሁ። ፓስፖርቱን ማየት አያስፈልገኝም። የከፈተውን ሙዚቃ መስማት ይበቃኛል።

ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለና ማሕሙድ አሕመድ ከሆኑ ሰውየው በአብዮቱ ሰሞን የወጣ ነው። ለትምህርት መጥቶ በዚያው የቀረ ሊሆን ይችላል። ኤፍሬም ታምሩ፣ ንዋይ ደበበና ኩኩ ሰብስቤ ከሆኑ በሱዳን በኩል ዞሮ የመጣ ወይም በደርግ መጨረሻ እንደምንም ብሎ ቪዛ ያገኘ ነው። ጎሳዬ ተስፋዬና ቴዲ አፍሮ ከሆኑ ዲቪ ደርሶት ነው የመጣው። ከእነሱ ወዲህ ያለውን የሚሰማ ሹፌር ሲያጋጥመኝ ወይ የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ነው፣ ወይ ገና መምጣቱ ነው።

አንዳንዱ መኪና ውስጥ ደግሞ መዝሙር ብቻ ነው ያለው። እዚያ ግምቴ አይሠራም። እመለስበታለሁ።

ሰው ከአገሩ ሲወጣ ብዙ ነገሩ ይቀየራል። ማዕዱ ላይ ሰላጣ ይበዛል። ቀጠሮ ማክበር ይለምዳል፤ ለሥራ ብቻ ቢሆንም። ልጆቹን "አይ ላቭ ዩ" ማለት ይጀምራል። ሙዚቃው ግን ቦሌ ላይ በተሳፈረበት ቀን እንደቆመ ሰዓት እዚያው ይቀራል። አገር ቤት የቀረው ወንድሙ በየዓመቱ አዲስ ዘፈን እየሰማ ሲያረጅ፣ እሱ ሻንጣው ውስጥ ይዞት የመጣውን እየደጋገመ ያረጃል። ከዚያ ሁለቱ በስልክ ሲገናኙ "የድሮ ሙዚቃ ቀረ!" የሚለው ውጭ ያለው ነው። ቀረ የሚለው፣ ራሱ መስማት ካቆመበት ቀን ጀምሮ ያለውን ነው።

እኔ የመካከለኛው ምድብ ነኝ። የካሴት ልጅ።

ያደግኩት ጉለሌ ነው። ቤታችን አንድ ቴፕ ነበረ፤ ሥልጣኑም የታላቅ ወንድሜ ነበር። ዘፈን ለማስመለስ በቴፑ አናጠነጥንም፤ የባትሪ ድንጋዩ ያልቃላ። ካሴቱን አውጥተን፣ ቢክ እስክሪብቶ ቀዳዳው ውስጥ ሰክተን በእጅ እናሽከረክረዋለን። ድንጋዩ ሲደክም ዘፋኙም አብሮ ይደክማል። ድምፁ እየወፈረ፣ እየተጎተተ ይሄዳል፤ ሴቷ ወንድ ትሆናለች። ያኔ ድንጋዩ ይወጣና ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከሰዓት በኋላ ትንሽ ነፍስ ይዘራል።

ኦሪጅናል ካሴት መግዛት ለእኛ ቤት የበዓል ነገር ነበር። የለመድነው ባዶ ካሴት ይዞ ሙዚቃ ቤት ሄዶ ማስቀዳት ነው። የምንፈልጋቸውን ዘፈኖች በወረቀት ጽፈን እንሰጣለን፤ በቀጠሮ ሄደን እንቀበላለን። ታዲያ መጨረሻው ላይ ቦታ ከተረፈ ባለ ሙዚቃ ቤቱ ራሱ የወደደውን ይጨምርበታል። ሙዚቃ ያስተማረኝ ያ ትራፊ ቦታ ነው። ሙሉቀን መለሰን ያገኘሁት እንደዚያ ነው። ማንም አላዘዘውም፤ ካሴቱ ጫፍ ላይ ተለጥፎ መጣ። ዘፈኑ ግማሽ ላይ ቀጥ ይላል። ዛሬ ሙሉውን ስሰማ እንኳ እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ የሚቆም ይመስለኛል።

እኛ ሴቶቹ የዘፈን ደብተር ነበረን። ግጥሙን እየሰማን እንጽፋለን። ያልተሰማንን ቦታ በነጥብ ነጥብ እንተወዋለን። ትምህርት ቤት ስንሄድ ከሌላ ልጅ ደብተር እናሟላለን። አንዷን መስመር ሦስት ልጆች በሦስት ዓይነት ይጽፏታል፤ ከዚያ ክርክር ነው። አሁን ግጥሙ ከስክሪን ሥር ተጽፎ ይመጣል። ክርክሩ ቀረ፤ እኔ ግን ልክ ያልነበረውን የራሴን ግጥም ነው እስካሁን የምዘፍነው።

አስቴር አወቀ የተለየች ነበረች። እሷ አሜሪካ፣ ካሴቷ ጉለሌ። ዋሽንግተን የሚባል ከተማ ልቤ ውስጥ የገባው በጂኦግራፊ ትምህርት አይደለም፤ በእሷ ነው። አንድ ሰው በሻንጣው ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ይቀዳል፣ ከዚያ ሰፈሩ ይቀባበለዋል። እኔ እጅ ሲደርስ የቅጂ ቅጂ ነው። ከዘፈኑ ይልቅ ሽሽ የሚለው ድምፅ ይበልጣል። ያኔ ሙዚቃው ከውጭ ወደ አገር ቤት ነበር የሚሻገረው። አሁን ተገልብጧል፤ አዲስ አበባ ማታ የተለቀቀ ዘፈን እዚህ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ስልካችን ላይ ነው። እየደረሰን ግን አንሰማውም። ይሄ ነው የሚገርመኝ።

አባቴ የእኛን ካሴቶች በጠቅላላ "ጩኸት" ይላቸው ነበር። የእሱ ሰው ካሣ ተሰማ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ክራር፣ በቃ። "ይሄማ የፋብሪካ ድምፅ ነው" ይላል የኪቦርዱን ከበሮ ሲሰማ። ዛሬ እሱ ያኔ የነበረበት ዕድሜ ላይ ደርሻለሁ። እኩዮቼ ስለ ዘንድሮ ዘፋኞች ሲያወሩ አባቴ ከመቃብር የተነሣ ይመስለኛል። ግጥም የለውም፣ ዜማ የለውም፣ ሁሉም ኮምፒዩተር ነው። ንግግሩ የእሱ ነው፤ ፋብሪካው ብቻ በኮምፒዩተር ተተክቷል።

አሜሪካ መጥቼ ያልጠበቅኩት ነገር ግን ሌላ ነው። የእኛን ሙዚቃ ከእኔ የልጅነት ዘመን ወደ ኋላ አልፎ ሄዶ የሚያውቅ ፈረንጅ መኖሩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተሙ መብት በሕግ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት እ.ኤ.አ. በ1969 ይህን ችላ ብሎ የአለማየሁ እሸቴን "ትማርኪያለሽ" አስቀረጸ። ሸክላውን ሕንድ አገር አሳትሞ አስመጣ። ከተማው ተሻማበት። እስከ አብዮቱ ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎች አወጣ። ከዚያ በ1975 እሱም ተሰደደ፤ መጥቶ የኖረው እዚሁ ዋሽንግተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ አንድ የማሕሙድ አሕመድ ሸክላ እጁ ገባ። ሰማው፣ ከዚያ በኋላ ሰውየው ሌላ ሥራ አልነበረውም ማለት ይቻላል። "ኧረ መላ መላ" በ1986 ቤልጅየም ታትሞ ለአውሮፓ ተሸጠ። በ1997 "ኢትዮፒክስ" የተባለው የሲዲ ተከታታይ ተጀመረ። አራተኛው ቁጥር የሙላቱ አስታጥቄ ነው። ጂም ጃርሙሽ በ2005 "ብሮክን ፍላወርስ" በተባለው ፊልሙ ውስጥ ሙዚቃውን ሲከተው ደግሞ ሙላቱን ያልሰማ የጃዝ ወዳጅ ጠፋ።

እና ዛሬ ቡና የሚቀዳልኝ ጢማም ልጅ ስለ ጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን ንግግር ያደርግልኛል። ደስ ይላል። ኩራትም አለው። ነገር ግን የእነዚህ ሰዎች ፍቅር ድንበር አለው። "ወርቃማው ዘመን" ይሉታል፤ ከ1969 እስከ 1975 አካባቢ። ከዚያ በኋላ ያለው ለብዙዎቹ ውድቀት ነው። ሰዓት እላፊ መጣ፣ የትንፋሽ መሣሪያ ነፋሾቹ ጠፉ፣ ርካሽ ኪቦርድ ገባ፣ ሙዚቃው ሞተ ይላሉ። የእኔ ልጅነት በሙሉ ከወርቁ ውጭ ተጣለ ማለት ነው።

ይህን አልቀበልም። የትንፋሽ መሣሪያው የበዛው ትልልቆቹ ባንዶች የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት ስለነበሩ ነው። ደሞዙን የሚከፍለው መንግሥት ነበር። የግል ባንድ ሲቋቋም ሂሳቡ ሌላ ነው፤ አንድ ኪቦርድ የሦስት ነፋሽ ደሞዝ ያስቀራል። ሰዓት እላፊውም ቢሆን ሙዚቃውን አልገደለውም። ትልልቆቹ ሲያወሩ እንደሰማሁት ጨፋሪው በጊዜ ይገባል፣ በሩ ከውስጥ ይዘጋል፣ ባንዱ እስኪነጋ ይጫወታል። እነ ሮሃ ባንድ ስንቱን ዘፋኝ ያጀቡት በዚያ ዘመን ነው። ሰው የሠርጉን፣ የፍቅሩን፣ የለቅሶውን ሙዚቃ የሠራበትን ዘመን "ሞተ" ማለት ደፋርነት ነው። ደግሞም ከፓሪስ ሆኖ።

ደግነቱ ፍርዱን ራሳቸው ሸክላና ካሴት ሰብሳቢዎቹ ፈረንጆች ሻሩት። የሻሩትም በኃይሉ መርጊያ ነው።

ኃይሉን የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ብሎ ማስተዋወቅ ይቻላል። ዋልያሶች ለዓመታት አዲስ አበባ ሂልተን ይጫወቱ ነበር። "ቸ በለው" የተባለውን ሸክላ በ1977 አወጡ። በ1981 አሜሪካን ሊዞሩ መጡ። ዙሩ ሲያልቅ ገሚሱ ተመለሰ፣ ገሚሱ ቀረ። ኃይሉ ከቀሩት ነው። በ1985 እዚሁ ዲሲ፣ ብቻውን፣ አኮርዲዮን፣ ኪቦርድና የከበሮ ማሽን ይዞ አንድ ካሴት ቀረጸ። ካሴቱ አገር ቤት ገብቶ ተሸጠ። ከዚያ ዓመታት አለፉና ኃይሉ ታክሲ መንዳት ጀመረ። ደለስ ኤርፖርት ተራ እየጠበቀ፣ ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ኮፈን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ይህን እሱ ራሱ በየቃለ መጠይቁ ተናግሮታል።

ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል፣ የአፍሪካ ካሴቶችን የሚሰበስብ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ሄዶ ያንን ካሴት አገኘ። ባለቤቱን አፈላልጎ ደወለለት። በ2013 ካሴቱ እንደገና ታተመ። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ አውሮፓና አሜሪካን ዞረ፤ በ2018 "ላላ በሉ" የተባለ አዲስ አልበም አወጣ።

አስቡት እንግዲህ። ዓለም ያጨበጨበለት ካሴት የ1985 ነው። ኪቦርድና የከበሮ ማሽን ነው። ሞተ የተባለው ዘመን፣ ሞተ የተባለው ድምፅ። አባቴ የሚለው የፋብሪካ ድምፅ!

ሌላም ነገር አስቡ። ሰውየው እዚሁ ነበር። እኛ ሐበሾቹ በዚያው የታክሲ ሰልፍ ላይ ከፊቱም ከኋላውም ቆመናል። ሠርግና ክርስትና ሲኖረን ዲጄ ፍለጋ ስንደዋወል እናድራለን። የዋልያሶቹ ኃይሉ ግን የሚፈለግበት አድራሻ የተገኘው ባሕር ዳር ካለ ሙዚቃ ቤት ነው። ስሙን የምናውቅ ሞልተናል። ግን ለእኛ እሱ "የድሮ" ነው፤ የድሮ ሰው ደግሞ ትዝታ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ ቅዳሜ ማታ መድረክ ላይ አይጠበቅም።

የኃይሉን ሾው አንድ ጊዜ ሄጄ አይቼዋለሁ። በሰዓቱ ተጀመረ። ይህ ራሱ ግራ ያጋባል። አዳራሹ በፈረንጅ ተሞልቷል፤ ሐበሻ በጣት የሚቆጠር። ሰዉ ቢራውን ይዞ ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ራሱን በቀስታ ይነቀንቃል። ማንም አያወራም። ከኋላዬ አንዲት እናት እልል ስትል አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አያት። እኔም አጀብኳት። ከዚያ በኋላ ሁለታችንን ቦታ ለቀቁልን፤ እስክስታ የሚመታበት ቦታ ማለቴ ነው።

የእኛ ሾው ሌላ ዓለም ነው። ትኬቱ ላይ አራት ሰዓት ይላል። አራት ሰዓት ላይ የሚደርሰው ጥበቃውና አዲስ መጤው ብቻ ነው። እስከ ሰባት ሰዓት ዲጄ ይሰማል። ቪአይፒ ጠረጴዛ ላይ ጠርሙስ በርችት ታጅቦ ይመጣል። ሴቶቹ ጫማ አውልቀዋል። ዘፋኙ ሰባት ተኩል ላይ ሲወጣ ግማሹ ሰው ስልኩን አንሥቶ ይቀርጻል፣ ግማሹ ወደ ቤት ስለሚነዳው ሰው ይከራከራል። የሚዘፈነው የምናውቀው ነው። አዲስ ዘፈን ሊሞክር ያሰበ ዘፋኝ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሰዉ ወደ መጠጥ መሸጫው ሲዞር ያያል፤ ተመልሶ የድሮውን ያነሣል። ድፍረት የሚቀጣበት ቦታ ቢኖር የእኛ አዳራሽ ነው።

አገር ቤት ነገሩ እንዲህ አይደለም። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ትኬት ቆርጦ አይቀመጥም፤ እሱም የሾው አካል ነው። አዝማሪው ከላይ እስከ ታች ያይሃል። ራሰ በራ ከሆንክ ትሰማታለህ። ከአሜሪካ መጥተህ ውስኪ ካላዘዝክማ አለቀልህ። "ተቀበል!" ብለህ ስንኝ ትሰጠዋለህ፤ እሱ ገልብጦ ባንተው ላይ ያወርድብሃል። ካዛንቺስ ውስጥ የመላኩ በላይ ፈንድቃ ይህን ከጃዝና ከውዝዋዜ ጋር አዋህዶ ለዓመታት ይዞት ቆየ። በ2024 ሰፈሩ ሲፈርስ የፈንድቃም ቤት አብሮ ፈረሰ። ያን ሰሞን እዚህ ያለን ሰዎች ፌስቡክ ላይ ያላለቀስን የለም። ስንታችን እግራችን ደርሶ ነበር ብዬ ብጠይቅ ጠብ ይሆናል፤ ይለፈኝ።

ስለ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ የሰማሁት ከዚያው ከቡና ቀጂው ልጅ ነው። ፒያኖ ብቻ ነው፤ ከበሮ የለ፣ ድምፅ የለ። መጀመሪያ የፈረንጅ ክላሲክ መሰለኝ። ቆይቶ ግን አንድ ቦታ ላይ ቅኝቱ የቤተ ክርስቲያን ሆነብኝ፤ ሌላ ቦታ ላይ ትዝታ። ግራ ገብቶኝ ጠየቅኩት። የአዲስ አበባ ልጅ፣ ስዊዘርላንድ የተማረች፣ ግሸን ማርያም የመነኮሰች፣ ኋላ ኢየሩሳሌም የኖረች እናት ናት። በ2023 በ99 ዓመቷ ነው ያረፈችው። ካረፈች በኋላ፣ በ2024፣ ቤቷ ውስጥ በካሴት የቀረጸችው በገዛ ድምፅዋ የምትዘፍነው አልበም ወጣ። ያንን መኪና ውስጥ ከፍቼ ሥራ ስሄድ ነዳጅ ማደያ ላይ ያገኘሁት አንድ ጎልማሳ "እናቴ ልብስ እያጠበች የምታንጎራጉረው ነው የሚመስለው" አለኝ። ከዚህ የተሻለ ሂስ አላነበብኩም። ድምፅዋ አልሠለጠነም፤ ለማንም አልተዘጋጀም። ፒያኖው ግን ሥር ሥሩን ይከተላታል።

አሊ ቢራን ደግሞ ፓርኪንግ ውስጥ ነው ያገኘሁት። መሐል ከተማ ሕንፃ ሥር ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ስሠራ የማታ ተረኛው ድሬዳዋ ያደገ ሰው ነበር። ሬዲዮኑ ላይ ሁልጊዜ አሊ ነው። ጉለሌ ሆነን በሬዲዮ አልፎ አልፎ ይሰማን ነበር፤ ደብተራችን ላይ ግን አልጻፍነውም፣ ቋንቋውን አናውቀውማ። የሥራ ባልደረባዬ ስንኝ በስንኝ ይነግረኝ ጀመር። አሊ ገና በልጅነቱ በአፍራን ቀሎ ባንድ መዝፈኑን፣ "ቢራ" የሚለው ስም ከመጀመሪያ ዘፈኑ መውጣቱን፣ ክቡር ዘበኛ ባንድ ውስጥ ማለፉን፣ እሱም እንደኛ ተሰዶ ስዊድንና ካናዳ መኖሩን። ማለትም እኔ ያመለክኳቸው ሰዎች የቆሙበት መድረክ ላይ ቆሞ ነበር። እኔን ለመድረስ ግን ከድሬዳዋ ተነሥቶ በዋሽንግተን ፓርኪንግ መዞር ነበረበት። አገር ቤት ጎረቤትህን በሩቅ ሰላም ብለህ ታልፋለህ፤ እዚህ ለስምንት ሰዓት አንድ ዳስ ውስጥ ትቀመጣለህ። ስደት ከሠራቸው ጥቂት ጥሩ ሥራዎች አንዱ ይህ ነው። አሊ በ2022 ሲያርፍ መጀመሪያ የደወልኩት ለዚያ ሰው ነው። "እግዜር ያጥናህ" አልኩት፤ እንደ ዘመድ።

አሁን ወደ ታናናሾቹ ልምጣ።

አዲስ አበባ ስሄድ የእህቴ ልጅ ነው የሚያዞረኝ። ዕድሜው ሃያ አንድ። ሙዚቃ ቤቶቹን ልፈልግ ብዬ ስነሣ "አክስቴ፣ አንቺ ገና እዚያው ነሽ እንዴ?" አለኝ። ብዙዎቹ ወይ ስልክ መሸጫ ወይ ልብስ ቤት ሆነዋል። ዘፋኙ አሁን ነጠላ ዜማ ሠርቶ፣ ክሊፕ ቀርጾ ዩቱብ ላይ ይለቃል። የቅጂ መብት አዋጁ 1996 ዓ.ም. ላይ ቢወጣም ቅጂው አላቆመም፤ ካሴቱ ወደ ሲዲ፣ ሲዲው ወደ ፍላሽ ተዛወረ እንጂ። የሙዚቃ አቀናባሪው ኤልያስ መልካና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2019 "አውታር" የተባለ የሙዚቃ መተግበሪያ አወጡ፤ ሰው ለአንዲት ዘፈን ትንሽ ገንዘብ ቢከፍል ሙያተኛው ይኖራል በሚል። ኤልያስ በዚያው ዓመት አረፈ። ሰውየውን የማያውቅ ካለ የቴዲ አፍሮን "አቡጊዳ" እና የእዮብ መኮንንን ዘፈኖች ይስማ፤ ቅንብሩ የእሱ ነው። እዮብን እኔ የሰማሁት ካረፈ በኋላ ነው። አገር ሁሉ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲያለቅስ "ማን ነው?" ብዬ የጠየቅኩ ሰው ነኝ። የመኪናዬ ሙዚቃ ከእሱ በፊት ቆሟላ።

የእህቴ ልጅ ሮፍናን የሚባለውን ዘፋኝ አስያዘኝ። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው "ነጸብራቅ" አልበሙ ነው የጀመርነው። መጀመሪያ በስልኩ አሰማኝ፤ ሲጮህ ብቻ ተሰማኝ። "በስልክ አይሆንም፣ ነይ" ብሎ መኪና ውስጥ አስገባኝ። ከፍ አደረገው። ከታች የሚመጣው የኤሌክትሮኒክ ምት ወንበሩን ያንቀጠቅጣል። ከላዩ ደግሞ የባላገር ድምፅ፣ ጭብጨባ፣ የአገር ከበሮ። ሁለቱ ይጣላሉ ስል ይታረቃሉ። ሁሉም አልጣመኝም። አንዳንዱ ዘፈን ሐሳቡ በዝቶበት ዜማውን ይረሳዋል። ጥቂቱን ግን አሁን ጠዋት ጠዋት ነው የምሰማው፤ ከቡና ይበልጥ ያነቃል።

ከዚያ ልጁ አንድ ነገር አደረገ። "ቆይ፣ ይሄን ታውቂዋለሽ? በራሱ መጣልኝ" ብሎ ዩቱብ ከፈተ። ሙሉቀን መለሰ ነበር። ከሮፍናን ቀጥሎ ማሽኑ ራሱ መርጦ ያመጣለት። ልጁ ሙሉቀንን "የድሮ" አላለውም። ለእሱ ሁለቱም ያው በዚህ ወር ያገኛቸው ናቸው። አገር ቤት ያለው ልጅ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይሰማል። እኛ ነን አንድ ቦታ የቆምነው፤ የቆምንበትን ደግሞ "ባህል መጠበቅ" ብለን ስም አወጣንለት።

ሙሉቀን ካነሣሁ አይቀር፣ መዝሙር ብቻ ወዳለው መኪና ልመለስ። ሙሉቀን ዘፈኑን በጠዋቱ ትቶ ወደ ዝማሬ የገባ ሰው ነው። በ2024 እዚሁ አሜሪካ አረፈ። እንደሱ ያደረጉ ብዙ የማውቃቸው አሉ። ትናንት አብረውኝ የጨፈሩ፣ ዛሬ መኪናቸው ውስጥ ዘፈን ሲከፈት የሚከፉ። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም። አልፈርድባቸውም፤ ስደት ብቻህን ሲያደርግህ የሚይዝህን ትይዛለህ። የማዝነው ልጆቻቸው የእናት አባታቸውን የወጣትነት ዘፈን ሳይሰሙ ማደጋቸው ነው። ያንን ዘፈን የሚያስተዋውቃቸው እንግዲህ ያ ጢማም ቡና ቀጂ ነው።

የእኔ ልጅ እንኳ በሌላ በር ገብታለች። ዘ ዊክንድ፣ የቶሮንቶው አቤል ተስፋዬ፣ "ዘ ሂልስ" የሚለውን ዘፈኑን በአማርኛ ነው የሚጨርሰው። "እማዬ፣ ይሄ እኮ አንቺ ስልክ ላይ የምታወሪው ነው!" ብላ ከክፍሏ እየሮጠች ወጣች። ናስና ዴሚያን ማርሊ በ2010 የሙላቱን ሙዚቃ ወስደው የራፑበትን ደግሞ እሷ ናት ያሰማችኝ። ዋናውን አሰማኋት። "ስሎው ነው፣ ግን ይሄ ይሻላል" አለች። በዚህ ቤት እንደ ትልቅ ስምምነት ይቆጠራል።

ሐምሌ ሲደርስ እንግዲህ ከ1984 ጀምሮ የሚካሄደው የሰሜን አሜሪካው የእግር ኳስ በዓላችን ይመጣል። ቀን ኳስ፣ ማታ ሾው። በየዓመቱ ከተማው ይቀየራል፤ ፖስተሩ ላይ ያሉት ፊቶች ግን ብዙም አይቀየሩም። አዘጋጆቹን ስትጠይቁ መልሳቸው ዝግጁ ነው፤ "ሰው የሚመጣው ለሚያውቀው ነው" ይላሉ። ልክ ናቸው፤ አዳራሽ ተከራይተው የሚከስሩት እነሱ ናቸው። ግን አንድ ማታ ብቻ ሞክሩ። ለማሟሻ ኃይሉ መርጊያ በአኮርዲዮኑ ይቀመጥ። ከአገር ቤት አንድ ስድብ የማይፈራ አዝማሪ ይምጣ። ከዚያ ሮፍናን። ከእኔ ትውልድ የሚያኮርፍ ካለ በረንዳ ላይ ወጥቶ ስለ ድሮ ያውራ፤ ልጄና የእህቴ ልጅ ግን ይገባሉ፣ እኔም እገባለሁ። ትኬቱን ዛሬውኑ እቆርጣለሁ። ብቻ ከእኩለ ሌሊት በፊት ጀምሩልኝ፤ ጠዋት ሥራ አለኝ።